ያለ ዋጋ የሚሮጡ ሰዎች

የሰውን ልጅ ለሥራ የሚያስነሡት ሁለት ታላላቅ ምክንያቶች ናቸው። አንደኛው ግዴታ ነው፤ ሁለተኛውም ፍቅር ነው። ገበሬ ሞፈሩን የሚጨብጠው፥ ወታደር በዘብ የሚቆመው፥ ጸሐፊም ብዕሩን የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ ኑሮና ኃላፊነት ስለሚያስገድዱት ነው። ነገር ግን አዛዥ ሳያዝዘው፥ ከፋይም ሳይከፍለው፥ ከሞቀ መኝታው ተነሥቶ በጎሕ ብርድ አሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ሲታይ፥ ይህን ሰው ያስነሣው ምንድር ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ደቡብ በኩል ቦሌ ቡልቡላ የሚባል ሰፈር አለ። በዚህ ሰፈር በእሑድ ማለዳ ገና ዓይን ለዓይን በሚገባ ሳይተያይ በሰፊው አስፋልት ዳር የእግር ኮቴ ይሰማል። የሚሮጡትም ስማቸው በጋዜጣ የወጣ፥ አንገታቸው ሜዳልያ የለመደ ሰዎች አይደሉም። በሳምንቱ ቀናት አንዱ በባንክ መስኮት ተቀምጦ ገንዘብ ሲቈጥር፥ ሌላው በትምህርት ቤት ጠመኔ ይዞ ሲያስተምር፥ ሌላውም በሱቁ ሚዛን ሲይዝ የሚውል ነው። በመካከላቸው ጡረታ የወጡ ሽማግሎች አሉ፤ ልጆቻቸውን አሳድገው ለራሳቸው ጤና ጊዜ ያገኙ እናቶችም አሉ። አንዳንዶቹ የጤና ቡድን አቋቁመው አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ልብስ ለብሰው በኅብረት ይሮጣሉ። ሌሎቹም ጐማው በወፈረ፥ ለአቀበትና ለድንጋያማ መንገድ በተሠራ ቢሲክሌት ተቀምጠው ከከተማው ወደ ገጠሩ መንገድ ይወጣሉ።

እንዲህ ያሉትን ሰዎች አውሮፓውያን አማተር ይሏቸዋል። ቃሉ ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፍችው አፍቃሪ፥ ወዳጅ ማለት ነው። አማተር ሯጭ ማለት እንግዲህ ሩጫን ስለ ራሱ ስለ ሩጫው የሚወድ፥ እንጀራውን ግን ከሌላ ሥራ የሚበላ ሰው ማለት ነው። ይህ ስም ከጥንት ጀምሮ የክብር ስም ሆኖ ቢቈይም፥ አንዳንድ ጊዜ ለግፍ መሣሪያ ሆኖ እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል። በእንግሊዝ ሀገር በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በታወቀው የጀልባ ውድድር በእጁ ሠርቶ የሚያድር የጉልበት ሠራተኛ እንደ አማተር ስለማይቈጠር እንዳይገባ ይከለከል ነበር። ፍቅሩ ስለ ጐደለ ሳይሆን ኪሱ ስለ ጐደለ ተከለከለ ማለት ነው። ጂም ቶርፕ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ተወላጅ በ1904 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ካሸነፈ በኋላ፥ ቀድሞ በኳስ ጨዋታ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ በማግሥቱ ዓመት ሜዳልያው ተወስዶበታል። ፍርዱ የተመለሰለት በ1975 ዓ.ም. ሲሆን፥ እርሱ ግን ከሞተ 29 ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ የሰውን ፍቅር በኪሱ መመዘን እንደማይገባ ነው።

ረጅም መንገድን በትዕግሥት መፈጸም ለኢትዮጵያ ሕዝብ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ዱላውን ይዞ፥ ከጐጃም እስከ ጐንደር፥ ከጐንደር እስከ ዋድላ መምህር ፍለጋ በእግሩ ሲጓዝ ኖሯል። ምእመናን ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚከበረው በዓል ወደ ቁልቢ ገብርኤል የብዙ ቀን መንገድ በእግራቸው ሲገሰግሱ፥ አንዳንዶቹም ስለ ስእለታቸው ድንጋይ ተሸክመው አቀበቱን ሲወጡ ታይተዋል። ስልክና ቴሌግራፍ ባልነበረበት ዘመን የቤተ መንግሥትን ቃል ከአውራጃ ወደ አውራጃ ያደረሰው የመልእክተኛው እግር ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የክርስቲያንን ተጋድሎ በሯጭ መስሎ ማስተማሩን ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ስለዚህ ሩጫ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ጠባይ ነው ማለት አይቻልም፤ አዲስ የሆነው ነገር ቢኖር በሰዓት መለካቱና በውድድር መደረጉ ብቻ ነው።

የማራቶን ውድድር ራሱ የተወለደበት ዘመን ለኢትዮጵያ ታሪክ የቀረበ ነው። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ። ከዚያ ልክ በአርባኛው ቀን፥ ሚያዝያ 3 ቀን 1888 ዓ.ም. በግሪክ ሀገር በአቴና ከተማ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን ተሮጠ። ያሸነፈውም ስፒሪዶን ሉዊስ የተባለ ውኃ እያመላለሰ የሚሸጥ ድኻ ሰው ነበረ። የዘመኑ የማራቶን ውድድር ገና ከመጀመሪያው በውኃ ሻጭ ተከፈተ እንጂ በባለጸጋ አልተከፈተም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ በ1900 ዓ.ም. በሎንዶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሆኖ ተሮጠ፤ በ1913 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ልክ በሕግ ጸንቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ አደባባይ መጀመሪያ የቆመችው በ1949 ዓ.ም. በአውስትራልያ ሀገር በሜልቦርን ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ የተላኩት 12 ሰዎች ሲሆኑ፥ የተወዳደሩት በሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም በሩጫና በቢሲክሌት ነው። ዛሬ በቦሌ ቡልቡላ መንገድ ዳር እግረኛና ቢሲክሌተኛ ጎን ለጎን ሲሄዱ የሚያይ ሰው፥ እነዚህ ሁለቱ ሀገሪቱን በዓለም ፊት መጀመሪያ ያስጠሩ ወንድማማች ጨዋታዎች መሆናቸውን ቢያስብ መልካም ነው። በሜልቦርን ሜዳልያ አልተገኘም። ነገር ግን ያለ ሜዳልያ የተመለሱት ሰዎች በከንቱ አልደከሙም፤ የመንገዱን ጠባይ አይተው፥ የተቀናቃኙን ብርታት ለክተው፥ ለሚከተላቸው በር ከፍተዋልና።

ከአራት ዓመት በኋላ፥ የዓመቱ መጨረሻ ቀን በሆነው በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣውን የሞሮኮ ተወላጅ ራዲ ቤን አብደሰላምን የቀደመው በ25 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ከውድድሩ ፍጻሜ አስቀድሞ ያለፈበት መንገድ ደግሞ ፋሺስቶች ከአክሱም ወስደው በሮማ ያቆሙት ሐውልት ባለበት በኩል ነበረ፤ ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ ሀገሩ ተመልሷል። ያ ድል በተገኘ በነጋታው በኢትዮጵያ ዘመን ተለወጠ፤ ዕንቍጣጣሽ ሆነ። አራት ዓመት ቈይቶም አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አምስት ሳምንት ሳይበልጠው፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ አመጣ። ከእርሱም በኋላ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ሦስተኛውን ጨመረ።

ስለ አበበ ቢቂላ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እነዚህ ድሎች ናቸው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሕግ እርሱም አማተር እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ እንጀራው የወታደር ደመወዝ ነበረ እንጂ የሩጫ ዋጋ አልነበረም። ፍቅሩ ምን ያህል እንደ ነበረ ይልቁንም የታወቀው ከድሉ በኋላ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአውቶሞቢል አደጋ እግሮቹ ከደከሙ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ ሀገር ቀስት በመወርወር፥ በኖርዌይም በበረዶ ላይ ተንሸራታች እየነዳ ተወዳድሯል። እግር ለተነፈገው ሰው ውድድር ምን ይጠቅመዋል ቢባል፥ መልሱ ከመጀመሪያው የተነገረው ነው፤ የሚያስነሣው ፍቅር ነበረ።

እንግዲህ ሜዳልያ ፍሬ ነው፤ ያለ ዋጋ የሚሮጠው ብዙ ሕዝብ ግን ሥር ነው። ፍሬን የሚያመሰግን ሰው ብዙ ነው፤ ሥርን ውኃ የሚያጠጣ ግን ጥቂት ነው። ይህን የተረዳው ታዋቂው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከወዳጆቹ ጋራ ሆኖ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተባለውን ውድድር አስጀመረ። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሺህ ሰው ሮጠ፤ ከዚያም ቍጥሩ እያደገ ሄዶ ከ40 ሺህ በላይ የደረሰበት ጊዜ ሆኗል። በዚህ ውድድር ከፊት የሚሮጡት ጥቂት ባለሙያዎች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሳሉ። ከኋላ ግን ከባሕር ሞገድ የሚመሳሰል ሕዝብ፥ የሚሮጠው እየሮጠ፥ የደከመው እየተራመደ፥ እየዘፈነና እየተሳሳቀ ይመጣል። ሚኒስትርና ተላላኪ፥ ባለሱቅና ተማሪ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ልብስ ለብሰው በአንድ መንገድ ሲሄዱ፥ ሹመትና ሀብት ለጥቂት ሰዓት ይረሳሉ።

ሴቶችም ከዚህ ዕድል አልቀሩም። ቀድሞ ሴት ልጅ በአደባባይ ስትሮጥ መታየቷ እንደ ነውር ይቈጠርባቸው የነበሩ ብዙ ቦታዎች ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ፥ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪቃዊት ሴት ከሆነች በኋላ ግን፥ ልጁን ከሩጫ የሚከለክለው አባት የሚያቀርበው ምክንያት እየሳሳ ሄደ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ቅድሚያ ለሴቶች የተባለ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተጀምሮ፥ ከቤት ሥራ ሌላ የራሷ ሰዓት ያልነበራት ሴት ሁሉ ያለ ኀፍረት የምትሮጥበት ቀን አገኘች።

የውጭው ዓለም ልማድም ለዚህ ነገር ሁለት መልካም ምሳሌ ይሰጣል። በደቡብ አፍሪቃ በደርባንና በፒተርማሪትስበርግ ከተሞች መካከል 90 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጥበት ኮምሬድስ የሚባል ውድድር አለ። ይህ ውድድር በ1913 ዓ.ም. የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተነሡት 34፥ የጨረሱትም 16 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጥቍሮችና ሴቶች በይፋ እንዲወዳደሩ የተፈቀደላቸው በ1967 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ በፊት ያለ ቍጥርና ያለ ሽልማት የሮጡ ነበሩ። ዛሬ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ይሮጥበታል፤ የተወሰነውም ሰዓት 12 ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ዳኛው ጀርባውን ለሯጮቹ ሰጥቶ የመዝጊያውን ጥይት ይተኵሳል። ፊቱን የሚያዞረው ለማንም እንዳያዳላ ነው። ከዚያች ጥይት በፊት የደረሰ ሁሉ፥ አንደኛም ቢሆን አሥር ሺኛም ቢሆን፥ ፈጽሟል ይባላል።

ሁለተኛው ምሳሌ የቢሲክሌት ነው። በዚያው በደቡብ አፍሪቃ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኬፕ ኤፒክ የሚባል የተራራ ቢሲክሌት ውድድር ይደረጋል። የሚገቡበት በጥንድ ሁኖ ስምንት ቀን ነው። በሕጉ መሠረት ሁለቱ ጓደኛሞች ከሁለት ደቂቃ በላይ ሊራራቁ አይችሉም፤ ቢራራቁ ቅጣት አለባቸው። ብርቱው ደካማውን ጥሎ እንዳይሄድ፥ ደካማውም ብርቱውን ተስፋ እንዳያስቈርጥ የሚያስገድድ ሕግ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ለአንድ ማኅበር አሠራር ከዚህ የሚሻል ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የተራራ ቢሲክሌት የሚባለው ከተራው የሚለየው ጐማው ወፍራምና ጥርስ ያለው፥ አካሉም ጠንካራ፥ አቀበት የሚያቀልል ብዙ ማርሽ ያለው በመሆኑ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ያሉ ወጣቶች ከአምሳ ዓመት በፊት አሮጌ ከባድ ቢሲክሌቶችን እየጠገኑ ከተራራ ቍልቍል በመንዳት የጀመሩት ጨዋታ፥ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የኦሊምፒክ ውድድር ለመሆን በቅቷል። ተራራ የማይጐድላት ኢትዮጵያ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረች ሀገር ትመስላለች። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው በእንጦጦ መናፈሻ በባሕር ዛፍ መካከል የእግርና የቢሲክሌት መንገድ ተበጅቷል። በባሕር ዳር ከተማ ቢሲክሌት የተማሪውም የሠራተኛውም መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። የመቐለው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ታላቅ በሆነው በፈረንሳይ ዙሪያ የቢሲክሌት ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን ችሏል። ይሁን እንጂ ቢሲክሌቱም መለዋወጫውም ከውጭ ሀገር የሚመጣ ስለ ሆነ፥ እግሩን ብቻ ይዞ ከሚወጣው ሯጭ ይልቅ የቢሲክሌተኛው ወጪ ከባድ ነው።

የሩጫ ጥቅም ለሥጋ ምን እንደ ሆነ ደግሞ ሐኪሞች በሚገባ መርምረውታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፥ እንጦጦም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፥ ሰው በአንድ እስትንፋስ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ልብና ሳንባ ይህን ጕድለት ለመሙላት ይበልጥ ይሠራሉ፤ አዘውትረው ሲሠሩም ይጠነክራሉ። ለከተማ ሰው የሚያስፈልገው ግን እንደ ባለሙያ ሯጭ መሆን አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ይህም በቀን ሲካፈል ከሃያ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም። በወንበር ተቀምጦ የሚውል ሹም፥ በአውቶሞቢል ሄዶ በአውቶሞቢል የሚመለስ ነጋዴ፥ የደም ብዛትና የስኳር በሽታ በሩን ከማንኳኳታቸው በፊት ይህን ቢያስብ ይጠቀማል። ዳሩ ግን ዕድሜው የገፋ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር፥ ለብዙ ዓመት ተቀምጦ የኖረም በአንድ ቀን አሥር ኪሎ ሜትር ልሩጥ ብሎ መነሣት አይገባውም። እግርም እንደ ተማሪ ነው፤ ፊደልን ሳይለይ ዳዊት አይደግምም።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የደስታ ነገር ነው። አሁን ግን ወደሚያሳስበው ነገር መመለስ ያስፈልጋል። ይኸውም እነዚህ ሰዎች የሚሮጡበት ቦታ ከዕለት ወደ ዕለት እየጠበበ መሄዱ ነው። ቦሌ በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አውሮፕላን ማረፊያው ሲሠራበት የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበረ። ከተማው እየሰፋ ወደ ቡልቡላ ሲደርስ፥ በዚያ ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ፎቅና ግቢ በቀለ። ይህ በራሱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ሰው የሚያድርበት ቤት ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ቤት ሲሠራ በሁለት ቤት መካከል የሚቀረው ክፍት ቦታ የሚጠብቀው ከሌለ፥ መጀመሪያ ድንጋይና አሸዋ ይከመርበታል፤ ቀጥሎም በቆርቆሮ ይታጠራል፤ በመጨረሻም ሌላ ቤት ይሆናል። ትናንት በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱበት የነበሩ ልጆች በነጋታው ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ።

አስፋልቱም ለእግረኛ የሚራራ አይደለም። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። በጨለማ የሚሮጥ ሰው በፍጥነት ለሚነዳ ሾፌር እንደ ጥላ ነው፤ ከታየም የሚታየው በመጨረሻዋ ሴኮንድ ነው። ቢሲክሌተኛውም ከታክሲና ከጭነት መኪና መካከል ገብቶ በየጊዜው ከሞት ጋራ ይተላለፋል። በዚህ ላይ የማለዳ ውሻ አለ፤ ወደ እንጦጦ ለሚወጣውም ጅብ አለ። እንግዲህ ለጤናው ብሎ የወጣ ሰው ሕይወቱን እያሰጋ የሚሮጥ ከሆነ፥ ነገሩ ከሥሩ ሊታሰብበት ይገባል።

በጎ ጅምር የለም ማለት ግን እውነትን መሰወር ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተመረጠ እሑድ መንገዶች ለአውቶሞቢል ተዘግተው ለእግረኛ የሚከፈቱበት ልማድ ተጀምሮ ነበር። በዚያን ቀን ሕፃናት በመካከለኛው አስፋልት ላይ ቢሲክሌት ሲለማመዱ፥ ሽማግሎችም ሳይሳቀቁ ሲራመዱ ታይተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት በአንዳንድ ታላላቅ ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድና ለብቻው የተከለለ የቢሲክሌት መስመር ተሠርቷል። የሚቀረው ነገር፥ በመካከለኛው ከተማ የታየው መልካም ሥራ እንደ ቦሌ ቡልቡላ ባሉት ዳርቻ ሰፈሮችም እንዲደርስ ነው። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረውና የሚነሣው ከሰፈሩ ነውና።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ መሬት ውድ በሆነበት፥ ቤት የሌለው ሰው በበዛበት ከተማ ለሩጫ ብሎ ቦታ መተው ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህ ቃል ሲሰሙት ርኅራኄ ያለበት ይመስላል። ነገር ግን ግቢው ሰፊ የሆነለት ባለጸጋ ለልጁ ሜዳ ከመንግሥት አይለምንም፤ የራሱን ያበጃል። በጠባብ የጋራ መኖሪያ ቤት ስድስትና ሰባት ሆኖ የሚኖረው ቤተሰብ ነው ከደጁ ውጭ የሚተነፍስበት ቦታ የሚያስፈልገው። ስለዚህ ሜዳ የቅንጦት ነገር ሳይሆን የድኻ ግቢ ነው። ደግሞም በሩጫ ሊከለከል ይችል የነበረን በሽታ በሆስፒታል ለማከም የሚወጣው ገንዘብ ሲታሰብ፥ የትኛው እንደሚረክስ ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤተ ክርስቲያን በኩል የሚሰማ ነው። እሑድ ሰንበት ነው፤ ቅዳሴ በሚቀደስበት ሰዓት ሕዝቡ ወደ ሩጫ መውጣቱ አይገባም የሚሉ አባቶች አሉ። ይህ አሳብ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። እውነት ነው፥ ብዙ ሠራተኛ ዕረፍት የሚያገኘው በእሑድ ብቻ ስለ ሆነ ውድድሮች በዚያው ቀን ይደረጋሉ። ዳሩ ግን ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻል ነገር ነው። ልምምዱን ቅዳሜ ማለዳ ወይም ከቅዳሴ በኋላ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። በፍስክም በጾምም የሚሮጡ፥ በጾም ወራት ልምምዳቸውን እንደ አቅማቸው የሚቀንሱ ምእመናንም አሉ። ሥጋን መግዛት የጾምም የሩጫም ትምህርት ነውና፥ አንዱ የሌላው ጠላት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም። የደብር አስተዳዳሪ በአንድ በኩል፥ የጤና ቡድን አለቃም በሌላ በኩል ተቀምጠው ስለ ሰዓቱ ቢነጋገሩ፥ በአንድ ውይይት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። እንዲያውም በየሰፈሩ የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ለሯጩ ጥላና ንጹሕ አየር ሆነው መቆየታቸው ሲታሰብ፥ ሁለቱ ከሩቅ ዘመን ጀምሮ ጎረቤታሞች ናቸው።

ከዚህ በላይ እንደ ተነገረው፥ የሚፈለገው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የመሬት ሹም ፕላን ሲነድፍ ለልጆች የተመደበውን ሜዳ በካርታ ላይ ብቻ ሳይሆን በመሬት ላይም ወሰኑን ተክሎ ቢያስጠብቅ፤ የመንገድ ሹም መንገድ ሲያሠራ የእግረኛና የቢሲክሌት መስመርን ከመጀመሪያው ቢያስገባ፥ መብራቱንም ቢያስበራ፤ የትራፊክ ፖሊስ በማለዳ በፍጥነት የሚነዳውን ቢቈጣጠር፤ የትምህርት ቤት ዲሬክተርም ተማሪ በሌለበት በቅዳሜና በእሑድ የግቢውን በር ለሰፈሩ ልጆች ቢከፍት ነገሩ ይቃናል። ሯጩም በበኩሉ በጨለማ ሲወጣ ነጭ ወይም የሚያበራ ልብስ ቢለብስ፥ መንገድም ሲያቋርጥ ግራና ቀኙን ቢያይ፥ ሕግን ጠብቆ ሕግ እንዲጠብቀው መለመን ይችላል።

ልጅ ከእናቱ ማኅፀን አበበ ቢቂላ ወይም ደራርቱ ቱሉ ሆኖ አይወለድም። አስቀድሞ አንድ ስሙ ያልታወቀ ልጅ፥ ከአንድ ስሙ ያልታወቀ ሽማግሌ ኋላ ኋላ እየተከተለ፥ በአንድ ያልታጠረ ሜዳ ላይ ይሮጣል። ከመቶ ሺህ አንዱ ለሜዳልያ ቢበቃ ሀገር ይደሰታል። የቀሩት ግን ለሜዳልያ ባይበቁም ለጤና፥ ለጓደኝነትና ለትዕግሥት ይበቃሉ፤ ይህም የአንድ ሕዝብ ሀብት ነው። በሚመጣው እሑድ ጎሕ ሲቀድ በቦሌ ቡልቡላ መንገድ ዳር እንደገና የእግር ኮቴ ይሰማል። ያን ኮቴ በአልጋው ላይ ሆኖ የሚሰማ ሹም፥ የእነዚያ ሰዎች መንገድና የእነዚያ ልጆች ሜዳ በእጁ ባለው ብዕር ላይ መሆኑን ቢያስብ፥ ከሜዳልያ የማያንስ መልካም ሥራ ይሠራል።